የገመዱ ልክ

ባሌ እንዳላማው፣ በድንበር ጠብ፣ በአንድ ክንድ መሬት፣ በአንድ ዱላ፣
ወህኒ ወርዶ ተመለሰ፣ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ።
ወሩ ኅዳር ነበር፣ በርበሬው ተሰጥቶ፣
ደጃፉ ሁሉ ቀልቶ።

ከበሩ ደርሶ ቆመ። "ግባ" አልኩት ከውስጥ፤ ቆመ።
እጁን ሳይዘረጋ፣ መዝጊያውን እያየ ከረመ።
ለካ በር የሚከፍት ሌላ ሰው ነው ለሱ፤
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ እጅና መቀርቀሪያ ተረሳሱ።

ወረቀቱ "ተፈቷል" ይላል፣ በማኅተም፣ በፊርማ።
ሰሙ ይኸው ነው። ወርቁን የፈታ ሰው ግን አልሰማሁም እኔማ።

ሌሊት፣ ዶሮ ሳይጮህ፣ ከመደቡ ይነሣል፤
ከግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብሎ፣ ጉልበቱን አቅፎ፣ "አርባ ሁለት!" ይላል።
ማን ይቆጥረዋል? ቤቱ ውስጥ እሱ፣ እኔና አንዲት ጥገት ላም፤
ቆጠራው ከሦስት አያልፍም።

ሥራ ሲያጣ ሲያጣ፣ የጥሩአየሁ ሆቴል ሆነ ዘበኛ፤
አስፋልቱ ዳር ነው፣ ከፍኖተ ሰላም መውጫ፤ ግቢው ውስጥም አለ የቆየ እስረኛ።
ጦጣ ነው። ከላህ ወንዝ፣ ጡት ሳይጥል ያመጡት፣
ወገቡን በገመድ፣ ገመዱን በካስማ፣ ከማንጎው ሥር ያሰሩት።
ሹፌሮች "ሹሜ" ይሉታል፤ ሙዝ ይጥሉለታል፣ ቢራ ይግቱታል፣
ሆዳቸውን ይዘው ይስቁና፣ ጥሩንባ ነፍተው ይሄዳሉ፤ እሱ ይዞራል።
ይዞራል።
የረገጠው መሬት ሣር ከድቶት፣ ተልጦ፣ አውድማ መስሏል፤
ነዶ የለ፣ ምርት የለ፣ ብቻውን ያበራያል።
ሲደክመው ይቀመጥና የክንዱን ጸጉር ይነጫል፣
የነጨውን አይቶ፣ መልሶ ሊተክል ይሞክራል።

"ከካስማው እስከ ጫፉ ስንት እርምጃ ነው?" አለኝ ባሌ አንድ ማታ።
እኔ ምን አውቄ።
"አራት" አለ። "የኛም አራት ነበረች።"
ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ፣ ጫማውን ሳይፈታ።

ጥር ሲገባ፣ ጨረቃዋ ሞልታ እንደ ቀን ባበራች ሌሊት፣
ራት ይዤለት ሄድኩ። ገመዱ ተቆርጧል፤ ቢላው ወድቋል ከእግሩ ፊት።
"ሂድ!" ይለዋል በሹክሹክታ። "ሂድ እንጂ! ላህ እኮ ከዚህ ማዶ ነው።"
ጦጣው ተነሣ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ተራመደ፤
ከአውድማው ጠርዝ ላይ፣ ሣሩ ከሚጀምርበት፣ አንዳች ነገር እንደያዘው ሁሉ ወገቡ ተሳበ፣ ከበደ፤
ከዚያ ዞረ።
ገመዱ የለም። ልኩ ግን ነበረ።

ባሌ አልጮኸበትም። ከአውድማው ገብቶ አብሮት ዞረ፣ እየተከተለ፤
በእጄ የያዝኩት ወጥ እዚያው ረጋ፣ ማንም አልቀመሰው፣ ማንም "ብላ" አላለ።

ጥሩአየሁ አልተቆጣችም። "ካልሄደ ምን ቸገረኝ" ብላ፣
ገመዱን ከማንጎው እስከ ማጀቱ ወጥራ፣ አሰጣችበት አንሶላ።

በሰው ልስቅ ነበር።
ግን እኔስ? ቅዳሜ ማለዳ፣ እጄ ሳላዘው ቆሎ ይቋጥራል፣
አገልግሉን ይጠፍራል፣ ነጠላዬን ያነሣል፤
የወህኒውን ዳገት ከግማሽ በላይ ከወጣሁ በኋላ ነው ትዝ የሚለኝ፦
ሰውዬው ቤት ነው። ማን ነው ዛሬ ስንቁን ፈትሾ የሚቀበለኝ?

ባለፈው እንዲህ ደርሼ ተመለስኩ፣ ቆሎዬ እንደታሰረ፤
ከገዛ ደጄ ቆምኩ፣ ከፋች እንደሚጠብቅ ሰው፤ ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበረ።
ከውስጥ ኮቴ መጣ። አራት እርምጃ። ዝም።
ከዚያ መቀርቀሪያው ሲነካ ሰማሁ፣ በጣት ጫፍ፣ ትንሽ። አልከፈተም።
እኔም አልገፋሁም።